ልጄ ገና 16 ዓመቱ ነው፤ አሠልጣኙ ግን «በ10 ቀን መልስ ስጡኝ» ይላል

«ሰላም ለናንተ ይሁን። የምንኖረው አትላንታ አካባቢ ነው። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ 10ኛ ክፍልን ጨርሶ 11ኛ ሊጀምር ነው። ከትንሽነቱ ጀምሮ ቤዝቦል ይጫወታል፣ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ነው። ኦገስት 1 ቀን ልክ እኩለ ሌሊት ላይ ስልኩ መጮህ ጀመረ፤ ለካ ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮሌጅ አሠልጣኞች እንዲያናግሩት ይፈቀዳል። በሦስተኛው ቀን የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ከሌላ ስቴት ደውሎ ‹ቦታ አለህ፤ በ10 ቀን ውስጥ መልስህን አሳውቀኝ› አለው። ባለቤቴ ከደስታው ብዛት እንቅልፍ አጥቷል። ቅዳሜና እሁድ ልጁን ይዞ ከከተማ ከተማ የሚነዳው እሱ ስለሆነ ድካሜ ፍሬ አፈራ ብሎ ነው። የክለቡ አሠልጣኝም ‹ቶሎ ካልመለሳችሁ ለሌላ ልጅ ይሰጡታል› እያለ ያጣድፈናል። እኔ ጨዋታውን ብዙም አላውቀውም። ግን አንዴ ቃል ከሰጠን በኋላ መመለሻ ያለው አይመስለኝም፤ ልጁ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ወሩ ነው። ዘመዶቻችን ‹ነጻ ትምህርት አገኘ አሉ፣ እንኳን ደስ አላችሁ› ማለት ጀምረዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ? — እናት፣ ከጆርጂያ»

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። የምሬን ነው። በዚያች ሌሊት ስልኩ የሚጮህለት ልጅ ጥቂት ነው፤ ልጅሽ ለዓመታት የለፋበትን ነገር ሰው አይቶለታል ማለት ነው። ባለቤትሽም እንቅልፍ ቢያጡ አይፈረድባቸውም።

ከዚያ ቀጥሎ ግን ቁርጡን ልንገርሽ። በ10 ቀን ውስጥ እሺ እንዳትሉ። እምቢም አትበሉ። ጊዜ ጠይቁ፤ ባገኛችሁት ጊዜ ደግሞ አሠልጣኙን በቁጥር የሚመለሱ ጥያቄዎች ጠይቁት። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳሽ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

አንቺን ያስጨነቀሽ «ቃል ከሰጠን መመለሻ የለውም» የሚለው ነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ልጆቹ «ኮሚት አደረግኩ» ብለው የዩኒቨርሲቲውን ማልያ የለበሱበትን ፎቶ ሲለጥፉ የሰጡት የአፍ ቃል ብቻ ነው። ልጁንም አያስረውም፣ ዩኒቨርሲቲውንም አያስረውም። አገር ቤት ሰው ቤት ሲገዛ ቀብድ ይከፍላል፤ ቀብድ የተቀበለው ሻጭ ሐሳቡን ከቀየረ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እዚህ ቀብድ የሚባል ነገር የለም። አሠልጣኙ ነገ ሐሳቡን ቢቀይር የሚከፍለው አምስት ሳንቲም የለም። የገንዘብ ድጋፉ ስምምነት በጽሑፍ የሚፈረመው ልጁ 12ኛ ክፍል ሲገባ፣ ኖቬምበር ላይ ነው። ካሁኑ ኦገስት ብንቆጥር 15 ወር ይቀራል። በ15 ወር ውስጥ የ16 ዓመት ልጅ ምን ያህል እንደሚለወጥ ለእናት አይነገርም። ቁመቱ ይለወጣል፣ ክንዱ ይለወጣል፣ የሚወደው የትምህርት ዓይነትም ይለወጣል።

አሠልጣኞቹም ይለወጣሉ። በጁን 2024 የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ቡድን ኦማሃ ላይ ለኮሌጆች ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በቴነሲ ተሸነፈ። በማግስቱ አሠልጣኙ ጂም ሽሎስናግል ዋና ባላንጣቸው ወደሆነው ወደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ መሄዱ ተሰማ። በማግስቱ ነው የምልሽ። ያንን ዋንጫ ያነሳው የቴነሲው ቶኒ ቪቴሎም በኦክቶበር 2025 የፕሮፌሽናሉ ቡድን ሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስ ቀጥሮት ሄደ፤ የ12ኛ ክፍል ልጆች ሊፈርሙ ሳምንታት ሲቀራቸው ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ወንጀል አልሠሩም። የተሻለ ሥራ አገኙ፣ ሄዱ። ነገር ግን «ይሄ ሰው ያሠለጥነኛል» ብሎ ቃል የሰጠ ልጅ አዲስ የሚመጣው አሠልጣኝ ይፈልገው አይፈልገው እንደገና ይጠብቃል። አዲሱ ሰው የራሱን ልጆች ይዞ ሊመጣ ይችላል። የፊተኛው የሰጠውን ቃል እንዲያከብር የሚያስገድደው ደንብ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፣ ብዙ ወላጅ የማይነገረው ይሄ ነው። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ሃውስ የሚባለው የክስ ስምምነት (ተጫዋቾች የኮሌጅ ስፖርትን በሚያስተዳድረው ማኅበር፣ በኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ላይ ያቀረቡት ክስ የተቋጨበት) የኮሌጅ ቤዝቦልን ሒሳብ ቀይሮታል። በስምምነቱ የገባ ዩኒቨርሲቲ በቡድኑ መያዝ የሚችለው ቢበዛ 34 ተጫዋች ነው። ከዚያ በፊት እስከ 40 ይያዝ ነበር። ስለዚህ ያ ስምምነት ሲመጣ ቃል የተሰጣቸው ልጆች ጭምር «ይቅርታ፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ» ተባሉ። ሌላው ደግሞ ትራንስፈር ፖርታል የሚሉት፣ ዩኒቨርሲቲ መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች የሚመዘገብበት ነው። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ትምህርቱን በደንብ የያዘ ተጫዋች የፈለገውን ያህል ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ቀይሮ ወዲያው መጫወት ይችላል። በዚያ ላይ የሜጀር ሊግ (የፕሮፌሽናሉ ቤዝቦል) ክለቦች አዲስ ተጫዋች የሚመርጡበት ምርጫ ድሮ 40 ዙር ነበር፣ ከ2021 ወዲህ 20 ዙር ነው፤ ወደ ፕሮፌሽናል ይሄድ ከነበረው ብዙው ኮሌጅ ይቆያል። እስቲ በአሠልጣኙ ቦታ ሆነሽ አስቢው። ለሥራው የሚፈራ ሰው ነው። አንድ ወገን 18 ዓመት የሞላው፣ ገና ያልተፈተነ ልጅ አለ። ሌላ ወገን 22 ዓመቱ የሆነ፣ በኮሌጅ ደረጃ ሦስት ዓመት የወረወረ፣ ሰውነቱ የጠነከረ ሰው በየበጋው ስልክ ብቻ በመደወል ይገኛል። የቱን ይመርጣል? ልጅሽ የሚወዳደረው ከእኩዮቹ ጋር ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር።

ስለዚህ ያ «ቦታ አለህ» የሚለው ቃል የሚገባውን ክብደት ስጡት፣ ከዚያ በላይ ግን አትስጡት። የሚለው «ዛሬ ወደድኩህ» ነው።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ዘመዶችሽን ቶሎ አስቁሚያቸው፤ «ነጻ ትምህርት» ማንም አላላችሁም። ለረጅም ዓመታት በዲቪዥን 1 (በከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) ቤዝቦል አንድ ቡድን የነበረው 11.7 ስኮላርሺፕ ብቻ ነው፤ እሱም እስከ 27 ልጅ ይከፋፈል ነበር። ሩብ የደረሰው፣ ግማሽ የደረሰው ይበዛ ነበር። አሁን ያ ጣሪያ በስምምነቱ ለገቡት ተነስቷል፣ እስከ 34ቱም መክፈል ይፈቀዳል። ይፈቀዳል ማለት ግን ይከፈላል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ እንደ ኪሱ ነው። አሠልጣኙ ስንት እንደሚሰጥ ተናገረ? በደብዳቤሽ ላይ አላየሁም። ያልተናገረ ከሆነ ገና ምንም አልሰጠም።

እዚህ ላይ ጆርጂያ መሆናችሁ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ 3.0 ጂፒኤ ይዞ ከጨረሰ የሆፕ ስኮላርሺፕ አለ፤ 3.7 እና በኤስ.ኤ.ቲ. (በኮሌጅ መግቢያ ፈተናው) 1200 ካመጣ ደግሞ ዜል ሚለር አለ። ሁለቱም በጆርጂያ ለሚማር የስቴቱ ነዋሪ ናቸው (የዜግነት ወይም የመኖሪያ ወረቀታችሁን ግን አጣሩ)። ይሄንን ገንዘብ አሠልጣኝ ቢባረር፣ ክንድ ቢታመም ማንም አይወስድበትም። ከሌላ ስቴት የመጣ ሩብ ስኮላርሺፕ ደግሞ የውጭ ስቴት ተማሪ የሚከፍለው ክፍያ ሲታሰብበት፣ ብዙ ጊዜ እዚሁ ጆርጂያ ያለ ምንም የስፖርት ድጋፍ ከመማር ይበልጥ ውድ ይሆናል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ከባለቤትሽ ጋር ሒሳቡን ሥሩት። የትምህርት ክፍያ፣ ዶርም፣ ምግብ፣ አውሮፕላን። በአራት አባዙት። ያን ቀን የባለቤትሽ ስሜት ይረጋጋል ብዬ አስባለሁ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ደግሞ አለ፣ እሱም ክንዱ ነው። ውድድሩ ላይ ሄደሽ የምታውቂ ከሆነ አይተሽው ይሆናል፤ ከመረቡ ጀርባ ወንበር ደርድረው የሚቀመጡ ሰዎች ልጁ ክንዱን ባነሳ ቁጥር የፍጥነት መለኪያቸውን አብረው ያነሳሉ፤ ኳሷ ጓንት ውስጥ ስትገባ ሁሉም ዓይናቸውን ወደ ቁጥሩ ያወርዳሉ። ልጁም ያንን ያያል። ስለዚህ እያንዳንዱን ኳስ ባለ በሌለ ኃይሉ ይወረውራል። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ራሱ በዲሴምበር 2024 ስለ ፒቸሮች ጉዳት ባወጣው ጥናት ይሄ የፍጥነት ሩጫ እስከ ታዳጊዎቹ ድረስ መድረሱን በግልጽ ጽፏል። የክርን ጅማት ከተበጠሰ ቶሚ ጆን የሚባለው ቀዶ ጥገና ነው፣ ተመልሶ ለመወርወር ደግሞ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ። ፒች ስማርት የሚባል መመሪያ አለ፤ ሜጀር ሊግና ዩኤስኤ ቤዝቦል አብረው ያወጡት ነው። ለ15 እና ለ16 ዓመት ልጅ በቀን ከ95 ውርወራ አይለፍ ይላል፤ 76 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ ደግሞ አራት ቀን ያርፋል። በዓመት ውስጥም ቢያንስ አራት ወር በውድድር ላይ አይወርውር ይላል። ባለቤትሽ እየነዱ የሚወስዱት እሳቸው ስለሆኑ ቆጣሪውም እሳቸው ይሁኑ። በስልካቸው ይመዝግቡ። ቅዳሜ 80 የወረወረ ልጅ እሁድ «ለአንድ ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ብቻ» ሲባል፣ «ልጄ ዛሬ አይወረውርም» ማለት የአባት መብት ነው። ክለቡ ቢቆጣ ይቆጣ።

ስለ ክለቡ አሠልጣኝ አንድ ነገር ልበል። ክፉ ሰው ነው አላልኩም፤ ልጃችሁን እዚህ ያደረሰው እሱ ሊሆን ይችላል። ግን የክለቦቹን ገጽ ከፍተሽ እዪው፤ መጀመሪያ የሚያሳዩሽ ኮሚት ያደረጉ ልጆች ዝርዝር ነው። የሚቀጥለው ዓመት ወላጅ ገንዘቡን ይዞ የሚመጣው ያንን ዝርዝር አይቶ ነው። ልጅሽ ዛሬ እሺ ቢል ስሙ እዚያ ዝርዝር ላይ ይወጣል፤ ከ15 ወር በኋላ ቦታው ቢሰረዝ ግን ከዝርዝሩ የሚያወርደው የለም። ስለዚህ ስለ ጨዋታው የሚለውን ስሙት፣ ስለ ችኮላው ግን አትስሙት።

እሺ፣ አሁን ምን ታደርጋላችሁ? ልጁ ራሱ ይደውል። አንቺና አባቱ አጠገቡ ሆናችሁ ስሙ፣ ወሬውን ግን እሱ ይያዘው፤ አሠልጣኞችም የሚወዱት እሱን ነው። «አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ደስ ብሎኛል፣ ቤተሰቤ ግቢውን ሳያይ መወሰን አልፈልግም» ይበል። ለ11ኛ ክፍል ልጅ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው በራሱ ወጪ ጋብዞ ግቢውን ሊያስጎበኝ ይችላል። ታዲያ ሴፕቴምበር ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት ኦገስት ላይ እርግጡን ንገሩኝ ማለት ምን የሚሉት ነው? ልጁን በእውነት የፈለገ ሰው ግቢውን እስኪያይ ይታገሠዋል።

ከዚያ ይጠይቀው። በእኔ ዓመት ስንት ፒቸር ቃል ሰጥቷል? ባለፈው በጋ ከፖርታል ስንት ፒቸር አመጣችሁ? ቃል ከሰጧችሁ ልጆች መካከል ባለፉት ሁለት ዓመታት ሳይፈርሙ የቀሩት ስንት ናቸው፣ ለምን? የምትሰጡኝ በዶላር ስንት ነው፣ ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለአራት? ብጎዳ ገንዘቡ ምን ይሆናል? ይሄንን የመጨረሻውን ሳያፍር ይጠይቅ። መልሱን በኢሜይል እንዲልክለትም ይለምነው። ኢሜይሉ ውል አይሆንም፣ ይገባኛል፤ ግን ሰው በስልክ የሚለውንና በጽሑፍ የሚያሰፍረውን አንድ አያደርገውም። አሠልጣኙ በጥያቄው ከተቆጣ ወይም «እመነኝ» ብቻ ካለ፣ መልሳችሁን አገኛችሁ።

አንድ ለልጁ ብቻ የሚሆን ጥያቄ አለኝ፣ ከመኪና ውስጥ ብቻችሁን ስትሆኑ ጠይቂው። «ነገ ክንድህ ቢጎዳና መጫወት ባትችል፣ እዚያ ዩኒቨርሲቲ መማር ትፈልጋለህ?» ዝም ካለ አትጫኚው። ዝምታው ራሱ ነገር ነው። በዲቪዥን 1 መደበኛው ወቅት እስከ 56 ጨዋታ ነው፤ ጸደዩን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ነው ማለት ትችያለሽ። ኢንጂነሪንግ ወይም ነርሲንግ ማጥናት የሚፈልግ ከሆነ ቤተ ሙከራው ከልምምዱ ጋር ይጋጭ እንደሆነ የሚነግሩት አሠልጣኞቹ ሳይሆኑ ተጫዋቾቹ ናቸው። ግቢውን ሲጎበኝ ከሁለት ሦስት ተጫዋች ጋር አሠልጣኝ በሌለበት ይነጋገር።

ባለቤትሽ የሚፈሩት ዕድሉ እንዳያመልጥ ነው፤ እኔም ፈጽሞ አያመልጥም አልልሽም። አሠልጣኙ ለሌላ ልጅ ሊሰጠው ይችላል። ያ ያማል፣ በተለይ ለልጁ። ግን በ10 ቀን የሚተን ቦታ በ15 ወር ውስጥ የመትነን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ቦታቸውን ሞልተው ልጃችሁ 12ኛ ክፍል ላይ ብቻውን ይቀራል። ገና 11ኛ ክፍል ሊገባ ነው። ደግሞ መንገዱ አንድ አይደለም። ሁለት ዓመት ጁኒየር ኮሌጅ ተጫውተው ከዚያ ትልቅ ቦታ የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ትምህርቱ ጠንካራ ከሆነ ዲቪዥን 3 (ሦስተኛው ደረጃ) ወይም እነ ሃርቫርድ ያሉበት አይቪ ሊግ አለ፤ እነሱ በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፣ ግን እንደ ቤተሰቡ ገቢ የሚሰጡት ድጋፍ አንዳንዴ ከስፖርቱ ይበልጣል።

አሁኑኑ እሺ ማለት ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ትምህርቱ የሚፈልገው ከሆነ፣ ገንዘቡ በዶላር ተነግሯችሁ ከቻላችሁት፣ ግቢውን አይቶ ልቡ ካረፈ፣ ጥያቄዎቹም ሳይድበሰበሱ ከተመለሱ ይበል። ደስ ይበለው፣ እናንተም ደግሱ። ከዚያ በኋላ ሐሳቡን ከቀየረ ደግሞ ነውር የለበትም። ራሱ ደውሎ፣ አመስግኖ፣ ምክንያቱን ተናግሮ ይተወው። በቴክስት አይሁን። ሌላው አሠልጣኝ ሲደውልለት ግን ሁለት ቦታ እሺ እያለ እንዳይጫወት፤ ይሄ ሰፈር ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል።

ለዘመዶችሽ «ገና እያየን ነው» በያቸው፣ ይበቃቸዋል። ፎቶውንም አይለጥፍ። አንዴ ከለጠፈ በኋላ ማርሹን መቀየር ለልጅ በጣም ይከብደዋል፤ ሺህ ሰው እንኳን ደስ አለህ ካለው በኋላ «ተሳስቻለሁ» ማለት ለትልቅ ሰውም ቀላል አይደለም።

ትምህርት ቤት እንደተከፈተ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከካውንስለሯ (ከትምህርት ቤቱ አማካሪ) ጋር ቀጠሮ ያዢ። በዲቪዥን 1 ለመጫወት ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የሚቆጥራቸው 16 ዋና ዋና ኮርሶችና በእነሱ ላይ ቢያንስ 2.3 ጂፒኤ ይጠየቃል፤ ከ16ቱም 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው። ማለትም ለልጅሽ የቀረው ይሄ ዓመት ብቻ ነው። የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ውጤቱን ይዘሽ ሂጂና የትኞቹ እንደተቆጠሩለት፣ የትኞቹ እንደቀሩት አንድ በአንድ እንድታሳይሽ ጠይቂያት። አሠልጣኙ የሚመልሰውን ደግሞ ጻፊልኝ፤ ቁጥሮቹን አብረን እናያቸዋለን።